ድንበሩ ጣቢያው ውስጥ ነው፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከለንደን ወደ ፓሪስ በባቡር

የእንግሊዝና የፈረንሳይ ድንበር የት ነው ቢባል አብዛኛው ሰው ባሕሩን ያሳያል። በካርታው ልክ ነው። በባቡር ለሚሄድ ሰው ግን ድንበሩ ያለው ለንደን ከተማ ውስጥ፣ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ፣ ከባቡሮቹ መስመር በታች ባለው አዳራሽ ነው። የፈረንሳይ ድንበር ፖሊስ እዚያ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ፓስፖርት ይመረምራል። እሱን ያለፈ ተጓዥ ፓሪስ ሲወርድ ሌላ የፓስፖርት መስኮት አይጠብቀውም፤ ጉምሩክ ካላስቆመው በቀር ሻንጣውን እየጎተተ ቀጥታ ወደ ሜትሮ ይሄዳል። እሱን ያላለፈ ደግሞ ባቡሩን ሳያይ ወደ ለንደን ጎዳና ይመለሳል።

ይህ አሠራር ከስምምነት የመጣ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ አገሮች በ1986 በካንተርበሪ ውል ከባሕሩ በታች የሚያልፈውን ዋሻና የድንበሩን መስመር ወሰኑ፤ በ1991 በሳንጋት ፕሮቶኮል የአንዱ አገር ፖሊስ በሌላው መሬት ላይ እንዲፈትሽ ተፈቀደ፤ በ2000 ደግሞ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተፈርሞ አሠራሩ ወደ ባቡር ጣቢያዎቹ ደረሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዋሻው የሚያልፈው አንድ የዩሮስታር ባቡር 900 ያህል ሰው ይጭናል። ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ወርዶ ይፈተሽ ቢባል ጣቢያው ይዘጋል፤ ቪዛ የሌለው ሰው ከደረሰ በኋላ መመለሱም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ፍተሻው መሳፈሪያው ላይ ያልቃል። ከፓሪሱ «ጋር ዱ ኖር» ጣቢያ፣ ከብራሰልሱ ሚዲ ጣቢያ ወይም ከአምስተርዳም ወደ ለንደን ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝ ድንበር ጠባቂዎች እዚያው አህጉር ላይ ይጠብቃሉ።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት የዚህ ትርጉም አንድ ነው፦ ሰነድ በመንገድ ላይ አይስተካከልም። ባቡር ላይ ቪዛ የሚሰጥ የለም፤ ስንደርስ እናስረዳለን የሚባል ነገርም የለም።

ለማን ምን ያስፈልጋል

በመጀመሪያ፣ አንዱ አገር የሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ያለው፣ ሃያ ዓመት የኖረና ግብር የከፈለ ሰው እንኳ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ከሆነ ወደ ፓሪስ ለመሄድ የሸንገን ቪዛ (ፈረንሳይን ጨምሮ በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልገዋል። ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም ለንደን ያሉ ዘመዶቹን ለመጠየቅ የእንግሊዝ ቪዛ ማውጣት አለበት። ፈረንጆቹ በስልክ የሚሞሉት ኢቲኤ የሚባለው ፈቃድ ቪዛ ለማይጠየቁ ዜጎች የተዘጋጀ ስለሆነ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም። «በኢንተርኔት እናወጣልዎታለን» የሚል ደላላ ካጋጠመ ገንዘቡን መያዝ ነው።

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀር ነው። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይፈጃል፣ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። ከባዱ ግን ውሳኔው ሳይሆን ቀጠሮ ማግኘቱ ነው፤ ከበጋ ዕረፍትና ከገና በፊት ቀጠሮ ለሳምንታት ይጠፋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከዚያ በታች ነጻ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ፓስፖርቱ ከተሰጠ ከ10 ዓመት ያልበለጠ፣ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ቪዛው የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ከሚገቡበት።

በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ለሚሄዱ ደንቡ እንደ አገሩ ይለያያል። ፈረንሳይ እንግሊዝ ለሰጠችው የስደተኛ ሰነድ ቪዛ ትጠይቃለች። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ሰዎች ግን ከእንግሊዝ መውጣት የለባቸውም፤ ሳይፈቀድላቸው ከወጡ ማመልከቻቸውን እንደተዉት ይቆጠራል። ለሁለት ቀን ሰርግ ተብሎ የዓመታት ጉዳይ እንዳይበላሽ ይህን ለሚመለከተው ሰው መንገሩ ተገቢ ነው።

እንግሊዝ የሚኖሩ ሰዎች ስለ መመለሻቸውም ማሰብ አለባቸው። በአብዛኞቹ የፕላስቲክ የመኖሪያ ካርዶች ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን 2024 ዲሴምበር 31 ነበር፤ አሁን ፈቃዱ በኢንተርኔት ላይ ያለ መዝገብ ሲሆን ከፓስፖርት ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ኤምባሲ ሄዶ ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው አዲሱን ቁጥር እዚያ አካውንት ውስጥ ካላስገባ፣ ጋር ዱ ኖር ላይ ፓስፖርቱ ሲነበብ ፈቃዱ ላይወጣ ይችላል። ከመነሳት ጥቂት ቀን በፊት አካውንቱን ከፍቶ የፓስፖርቱን ቁጥር ማመሳከር፣ የማረጋገጫ ኮዱንም አውጥቶ ስልክ ላይ መያዝ ይህን ችግር ያስቀራል።

ቪዛው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ቪዛ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶውንና የመጨረሻውን ቀን አይቶ ይዘጋዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ለየብቻ የሚነበቡ ሦስት ነገሮች አሉ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የመጀመሪያው ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ነው። ይህ ቪዛው የሚሠራበት መስኮት እንጂ የቆይታ ፈቃድ አይደለም። የቆይታው ልክ ለብቻው በቀን ቁጥር ይጻፋል። እንበል ቪዛው ከ3 እስከ 28 ይላል፣ ቆይታው ደግሞ 10 ቀን ነው። ተጓዡ በእነዚያ 26 ቀናት ውስጥ የፈለገውን 10 ቀን ይመርጣል፤ 11ኛዋን ቀን ካደረ ሕግ ጥሷል። የገባበትም የወጣበትም ቀን ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል፤ ማታ 4 ሰዓት ፓሪስ የደረሰ ሰው አንድ ቀን በልቷል። ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል ቪዛ ያለው ደግሞ ከየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም።

ሁለተኛው የመግቢያ ብዛት ነው፦ 01፣ 02 ወይም ብዙ ጊዜ የሚለው ምሕጻረ ቃል። ከባድ ኪሳራ የሚያመጣው ይህ መስመር ነው። ከአዲስ አበባ የሸንገንም የእንግሊዝም ቪዛ ይዞ የመጣ ሰው ፓሪስ ገብቶ፣ በባቡር ለሦስት ቀን ለንደን ደርሶ፣ የመመለሻ አውሮፕላኑን ከፓሪስ ለመያዝ ያስባል። የሸንገን ቪዛው 01 ከሆነ ጋር ዱ ኖር ላይ ሲወጣ ቪዛው አለቀ፤ ቀኑ ቢተርፍም አይመልሰውም። ሴንት ፓንክራስ ያለው ፖሊስ ያስቆመዋል፣ ከለንደን ወደ አገሩ የሚወስድ አዲስ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ግድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ያለው ሰው ማመልከቻው ላይ ሁለት ወይም ብዙ መግቢያ ብሎ መጠየቅና የባቡር ጉዞውን በደብዳቤ ማስረዳት አለበት።

ሦስተኛው የሚያገለግልበት ክልል ነው። አብዛኛው ለሸንገን አገሮች ሁሉ ይላል፤ አንዳንዱ ግን በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ ነው።

ሴንት ፓንክራስ ላይ የሚቀመጠው የፈረንሳይ ፖሊስ ወደ ብራሰልስና ወደ አምስተርዳም የሚሄዱትንም የሚፈትሽ እሱ ነው። ስለዚህ የሆላንድ ቪዛ ይዞ የፓሪስ ትኬት ያሳየ ሰው «ለምን?» ይባላል። ሁለት ቀን ፓሪስ፣ ከዚያ አምስት ቀን አምስተርዳም የሚል የሆቴል ቦታ ማስያዣ ካለ ችግር የለውም።

ስም

ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የትኬት ቅጹ ግን ይጠይቃል። ትክክለኛውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ታች፣ በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው ላይ ከአገሪቱ ሦስት ፊደል መለያ ቀጥሎ፣ ሁለት የማዕዘን ምልክት << እስኪመጣ ድረስ ያለው ስም ነው የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚወሰደው፤ ከምልክቶቹ በኋላ ያለው መጠሪያ ነው። ትኬቱም፣ ከጉዞው በፊት የሚሞላው የፓስፖርት መረጃም ልክ እንደዚያው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ቪዛ ላይ አንድ ዓይነት፣ ትኬት ላይ ሌላ ዓይነት ሲሆን ነው ጥያቄ የሚበዛው። የልደት ቀንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፈረንጆቹ ይሞላ፤ ከልማድ የኛን ዓመት የጻፈ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚበልጥ ሌላ ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ከልጅ ጋር ለሚጓዙ ጉዳዩ ይከብዳል። እንበል እናት አልማዝ ከበደ ወልዴ፣ ልጅ ሳሮን ዳዊት ተስፋዬ ናት። ፖሊሱ ፊት ሁለት የማይገናኙ ስሞች ናቸው። አባት ዳዊት ተስፋዬ መኮንን አብሮ ቢኖርም መጨረሻ ላይ ያለው ስም ከልጁ ጋር አይመሳሰልም። ለኛ ግልጽ የሆነው የአባት ስም አሰጣጥ እዚያ መስኮት ላይ ሕፃን ከማሻገር ጥርጣሬ ጋር ይገናኛል፤ ፖሊሱ መጠየቁ ሥራው ነው። መፍትሔው የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር በእጅ መያዝ ነው። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ። አንዱ ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ከሌላው የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ስልክ ቁጥሩና የመታወቂያው ቅጂ ይጨመር።

በጉዞው ቀን

ጣቢያው ምን ሰዓት መድረስ እንደሚገባ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ የትኬት መግቢያው ባቡሩ ሊነሳ 30 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። ያ ደቂቃ ከባድ ነው፣ ልመና አይከፍተውም። በራሳቸው የሚከፈቱት የኤሌክትሮኒክ በሮች፣ የእንግሊዞቹም የፈረንሳዮቹም፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይከፈቱም። የኛ ሰልፍ ሰው ያለበት መስኮት ነው፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ ብዙ አይደለም፤ ዓርብ ማታና በበዓል ሰሞን ከዚያም ቢጨመር ይሻላል።

ለንደን ላይ ቅደም ተከተሉ ትኬት፣ የዕቃ ፍተሻ፣ ከዚያ የፓስፖርት መስኮት ነው። እንግሊዝ ለሚወጣ ሰው ማኅተም አታሳርፍም። የፈረንሳዩ መስኮት ግን ሙሉ የመግቢያ ፍተሻ ነው፦ ወዴት፣ ለስንት ቀን፣ የት ማረፊያ፣ በምን ገንዘብ። ፈረንሳይ በቀን የምትጠይቀው ሆቴል ለያዘ 65 ዩሮ፣ ላልያዘ 120 ዩሮ፣ ዘመድ ቤት አርፎ የመቀበያ ማረጋገጫ ላለው 32 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። ይህን ማረጋገጫ ጋባዡ ከሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት 30 ዩሮ ከፍሎ ያወጣል፤ ዘመድ በስልክ የላከው «እኔ ጋ ነው የሚያርፈው» የሚል መልእክት አይተካውም። ሁሉም ሰው ይህን አይጠየቅም። የተጠየቀ ሰው ግን ወረቀቱን አውጥቶ ካሳየ በሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ «ስልኬ ላይ አለ፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ያለ ሰው ከሰልፍ ወጥቶ ይቆማል።

ከ2025 ኦክቶበር 12 ጀምሮ በማኅተም ፈንታ በኮምፒውተር የሚመዘግብ የአውሮፓ የመግቢያና መውጫ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ተጀምሯል። ክፍያ የለውም። ቪዛ ያለው ሰው አሻራውን ለቪዛው ሲያመለክት ስለሰጠ እዚህ በዋናነት የሚወሰደው የፊት ፎቶ ነው። የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው በዚህ ሥርዓት ስለማይመዘገቡ ፈቃዳቸውን ከፓስፖርቱ ጋር አብረው ማሳየት አለባቸው። ማሽኑ ቀን ቆጥሮ ያስታውሳል፤ ድሮ ደብዛዛ ማኅተም የሸፈነው የአንድ ቀን ጭማሪ አሁን ወዲያው ይታያል።

ማኅተም የተመታለት ሰው አንድ ጊዜ ይመልከተው። ከላይ በኩል በከዋክብት የተከበበ የአገሪቱ ፊደል፣ በሌላው በኩል ትንሽ የባቡር ሥዕል፣ የመግቢያ ወይም የመውጫ ቀስት፣ መሀል ላይ ቀኑ። ቀኑ ከተሳሳተ ወይም ካልተነበበ እዚያው መስኮት ፊት ቆሞ ማሳረም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ማሳረም በጣም ከባድ ነው።

ፓሪስ ላይ ሲመለሱ የለንደኑ መሳፈሪያ ከመሬት አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ሁለት መስኮት በተከታታይ አለ፦ መጀመሪያ የፈረንሳይ መውጫ፣ ጥቂት እርምጃ አልፎ የእንግሊዝ መግቢያ።

ሻንጣው ውስጥ

ዘመድ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ግን ቅቤውን እዚያው ትተውት ይሂዱ። ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይቻልም። ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ የታሸ ክትፎ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። መጠኑ ትንሽ መሆኑ ለውጥ የለውም፣ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል። ከ2025 ኤፕሪል 12 ወዲህ በተቃራኒው አቅጣጫም የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ውጤት ከኅብረቱ ወደ እንግሊዝ ይዞ መግባት ተከልክሏል፤ ምክንያቱ አህጉሩ ላይ የታየው የአፍና የእግር በሽታ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ደረቅ እንጀራ ችግር የለባቸውም። ትኩስ ቃሪያና አትክልት ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል።

እንደ አውሮፕላን የ100 ሚሊ ሊትር የፈሳሽ ገደብ የለም። ጥሬ ገንዘብ ወደ ኅብረቱ 10,000 ዩሮ፣ ወደ እንግሊዝ 10,000 ፓውንድ ከደረሰ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የዕቁብ ብር ይዞ የሚሻገር ሰው ይህን ቁጥር አይርሳ።

ቢከለክሉስ፣ ባቡሩ ቢቀርስ

የፈረንሳይ ፖሊስ መግባት ሲከለክል ምክንያቱ በፊደል የተለየ የጽሑፍ ቅጽ መስጠት አለበት። ለኛ ሰው የሚደርሱት በአብዛኛው ቪዛ የሌለው፣ የጉዞውን ዓላማ ማስረዳት ያልቻለ፣ ወይም በቂ ገንዘብ ያላሳየ የሚሉት ናቸው። ቅጂው የተጓዡ መብት ነው፤ ይግባኝ የት እንደሚባልም እሱ ላይ ይገኛል። በቁጣ ቀዶ መጣል ጉዳት ነው፣ የሚቀጥለው የቪዛ ማመልከቻ «ተከልክለው ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን ከነወረቀቱ ማቅረብ ከመደበቅ በብዙ ይሻላል። ፓስፖርት ላይ የመግቢያ ማኅተም መትቶ በጥቁር ቀለም በመስቀል መሰረዝና ጎኑ ላይ ያችን ፊደል መጻፍም ማኅተም በሚጠቀሙበት ቦታ የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚህ ይልቅ ሰው ሳያስበው የሚጎዳው ባቡር ሲሰረዝ ነው። ጋር ዱ ኖር ላይ የፈረንሳይ መውጫ ማኅተም ተመትቶለት፣ መሳፈሪያ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጉዞው ተሰረዘ እንበል። ሰውየው በወረቀት ከሸንገን ወጥቷል፣ በአካል ግን ፓሪስ ነው። ቪዛው አንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ ዝም ብሎ ከሕዝቡ ጋር ቢወጣ ያለ ቪዛ የቆየ ይመስላል። ስለዚህ ወደ ፈረንሳይ ፖሊስ መስኮት ተመልሶ የመውጫ ማኅተሙ እንዲሰረዝ፣ በኮምፒውተር ከተመዘገበም መዝገቡ እንዲስተካከል መጠየቅ አለበት። ከለንደን ሲነሳ ከገጠመም እንዲሁ፣ ያልተጠቀመበት መግቢያ እንዳይቆጠርበት ማሰረዝ ነው። ሠራተኞቹ እንዲህ ባለ ቀን ይጨናነቃሉ፣ መውጫውን እያሳዩ «ሂዱ» ይላሉ። ባቡሩ መሰረዙን የሚገልጸውን መልእክት ስልክ ላይ አስቀርቶ፣ ፓስፖርቱን ከፍቶ፣ መሰረዣው ከማኅተሙ ላይ ሲያርፍ በዓይን ሳያዩ ከአዳራሹ አለመውጣት ነው።